የፓተንት ይገባኛል ጥያቄ፦ ለባለሙያ አንባቢ ግልጽ የሚሆነው መቼ ነው?

ይህ ጽሑፍ የፈጠራ ሥራቸውን በፓተንት ወይም በአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፊኬት ለማስጠበቅ የሚያመለክቱ ዜጎች ከማመልከቻው ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ ሊጠነቀቁለት የሚገባውን ክፍል፣ ማለትም የይገባኛል ጥያቄውን፣ በሚገባ እንዲረዱ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጀሞ አካባቢም ሆነ በሌሎች የከተማችን ሥፍራዎች በብረታ ብረት፣ በእንጨት፣ በልብስ ስፌትና በምግብ ማቀነባበር ሥራ የተሰማሩ ግለሰቦችና ማኅበራት በየዕለቱ የሥራ መሣሪያቸውን ያሻሽላሉ። ከእነዚህ ማሻሻያዎች አንዳንዶቹ የሕግ ጥበቃ ሊያገኙ የሚችሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ሥራው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ጥበቃው አይገኝም፤ ጥበቃው የሚሰጠው በጽሑፍ ለተገለጸው ነገር፣ ያውም በይገባኛል ጥያቄው ውስጥ ለተገለጸው ነገር ነው።

የይገባኛል ጥያቄ ምንድን ነው?

የፓተንት ማመልከቻ ጥያቄ ማቅረቢያ ቅጹን፣ የፈጠራውን መግለጫ፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የይገባኛል ጥያቄዎችን፣ አስፈላጊ ሲሆን ሥዕሎችን እና አጽሕሮተ ይዘትን ይይዛል። ከእነዚህ መካከል መግለጫው የሚያስተምር ክፍል ነው፤ ፈጠራው ምን ችግር እንደፈታ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ አመልካቹ የሚያውቀው የተሻለው አሠራር የትኛው እንደሆነ ያስረዳል። የይገባኛል ጥያቄው ግን አያስተምርም፤ ወሰን ያስቀምጣል። ነገሩን ከመሬት ይዞታ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ስለ ግቢው ስፋት፣ ስለ ቤቱ አሠራርና ስለ አትክልቱ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ጎረቤት አጥሩን ገፍቶ ሲመጣ ግን ዳኛው የሚመለከተው በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ የተሰመረውን መስመር ነው። በፓተንት ጉዳይ መስመሩ በቃላት የተሰመረ ነው። አጽሕሮተ ይዘቱም ለመረጃ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ የጥበቃውን ወሰን ለመተርጎም አያገለግልም፤ ዋናውን ነገር እዚያ ጽፈው ከይገባኛል ጥያቄው የሚያስቀሩ አመልካቾች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

በሀገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። አዋጁ በሚከተለው ሥርዓት መሠረት መግለጫው በሙያው ተራ ክህሎት ያለው ሰው ፈጠራውን ሊሠራው በሚያስችል አኳኋን ግልጽና የተሟላ መሆን አለበት፤ የይገባኛል ጥያቄዎቹም ግልጽና ቁጥብ፣ በመግለጫውም ሙሉ በሙሉ የተደገፉ መሆን ይኖርባቸዋል። ተመሳሳይ ድንጋጌ በአውሮፓ ፓተንት ስምምነት አንቀጽ 84 ላይ ይገኛል። ሦስቱ መስፈርቶች፣ ግልጽነት፣ ቁጥብነትና መደገፍ፣ አንድ ላይ የሚነገሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሁለቱ ብዙ አይረዱም።

“ግልጽ” ሲባል ለማን?

አንባቢያን በመጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ጽሑፉ ግልጽ መሆን ያለበት ለመንገደኛ ወይም ለሕግ ባለሙያ ብቻ አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም አይደለም። መለኪያው በዘርፉ ተራ ክህሎት ያለው ባለሙያ ነው። ይህ ሰው በእውን የሚገኝ ግለሰብ ሳይሆን ሕጉ የፈጠረው ምናባዊ አንባቢ ነው። የሙያውን መሣሪያዎች፣ የተለመዱ አሠራሮችና የታተሙ ዕውቀቶች ያውቃል፤ የተለመደ ሙከራ አድርጎ አንድን ልክ ማግኘት ይችላል። አዲስ ነገር የመፍጠር ችሎታ ግን የለውም ተብሎ ይገመታል።

ፈጠራው የኤሌክትሪክ ምጣድን የሚመለከት ከሆነ አንባቢው ምጣድ የሚሠራና የሚጠግን ባለሙያ ነው። ለእርሱ ሬዚስታንስ ምን እንደሆነ፣ ሽቦው በሸክላው ጀርባ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ በጀሶ እንደሚደፈን ማስረዳት አያስፈልግም። ፈጠራው ምጣዱን ከኤሌክትሮኒክ የሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር የሚያጣምር ከሆነ ግን የምጣድ ሠሪው ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ አንባቢው የሸክላና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነው እንደሚያነቡት ተደርጎ ይታሰባል። ስለሆነም አንድ ቃል ግልጽ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከመጠየቅ በፊት፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው የየትኛው ሙያ ሰው ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። በገበያና በሥራ ቦታ የሚነገሩ የሙያ ቃላትን መጠቀም አያስነውርም። ብየዳ፣ ላሜራ፣ ጀሶ፣ አክንባሎ የሚሉት ቃላት በሙያው ውስጥ አንድ ትርጉም ካላቸው ከአዲስ የተፈጠረ የመጽሐፍ ቃል ይልቅ ይመረጣሉ። በአንድ ሼድ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ፣ ጎረቤት ሼድ ሌላ የሚለው ስያሜ ከሆነ ግን በመግለጫው ውስጥ ትርጉሙ በግልጽ መቀመጥ አለበት።

አንድ ምሳሌ ከጀሞ

ጉዳዩን በተግባር ለማየት፣ በጀሞ በሚገኝ የብረታ ብረት ሼድ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ኃይል የሚቆጥብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሠራች እንበል። ምሳሌው ለማስረጃ የተፈጠረ ነው፤ የተገለጸው አሠራር አዲስ ስለመሆኑ የተባለ ነገር የለም። ባለሙያዋ ማመልከቻዋን ስታዘጋጅ የመጀመሪያውን የይገባኛል ጥያቄ እንዲህ ጻፈችው፦

“ኃይል የሚቆጥብ፣ በቂ ሙቀት መከላከያ ያለውና በፍጥነት የሚግል ዘመናዊ የእንጀራ ምጣድ።”

ዓረፍተ ነገሩን ማንም ሰው ያነበዋል፤ የተቸገረበት ቃልም አያገኝም። ሆኖም በሕጉ ዓይን ግልጽ አይደለም። “ኃይል የሚቆጥብ” የተባለው ከየትኛው ምጣድ ጋር ሲነጻጸር ነው? “በቂ” የሚባለው መከላከያ ምን ያህል ነው? “በፍጥነት” ስንት ደቂቃ ነው? “ዘመናዊ” የሚለው ቃልስ ምን ይጨምራል? ከሁሉም የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ውጤቱ እንጂ ውጤቱን ስላስገኘው አሠራር አይደለም። እንዳለ ቢፈቀድ ኃይል የሚቆጥብ ምጣድ በየትኛውም መንገድ የሚሠራ ሰው ሁሉ የባለሙያዋን መብት የጣሰ ሊመስል ነው። የፓተንት መርማሪ ይህን አይቀበልም፤ ጥያቄው ቀድሞ የነበሩትን ምጣዶች ጭምር ስለሚያጠቃልል አዲስ አይደለም ተብሎ ሊወድቅም ይችላል።

ሁለተኛው ሙከራ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“1. የሸክላ ሰሌዳ፣ በሰሌዳው የታችኛው ገጽ በተቀረጹ ቦዮች ውስጥ የተቀመጠ የማሞቂያ ሽቦ፣ ሽቦውን ከታች የሚሸፍን የጀሶ ንብርብር፣ እና እነዚህን የሚይዝ የብረት መያዣ ያካተተ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ሲሆን፣ ልዩ የሚያደርገው በጀሶው ንብርብርና በመያዣው ወለል መካከል በሸክላ ድጋፎች የሚጠበቅ የአየር ክፍተት መኖሩ ነው።

2. በይገባኛል ጥያቄ 1 የተገለጸው ምጣድ ሆኖ፣ የአየር ክፍተቱ ከፍታ ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ።

3. በይገባኛል ጥያቄ 2 የተገለጸው ምጣድ ሆኖ፣ የመያዣው ወለል ወደ ክፍተቱ የሚመለከተው ገጽ በአሉሚኒየም ፎይል የተለበጠ።”

ልዩነቱ ርዝመቱ አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል የታወቀውን ነገር ያስቀምጣል፤ “ልዩ የሚያደርገው” ከሚለው በኋላ የሚመጣው አዲስ ነው የተባለውን ይለያል። እያንዳንዱ አካል ከሌላው ጋር ያለው ግንኙነት ተነግሯል፦ የት እንዳለ፣ በምን እንደተያዘ፣ ምን ከምን እንደሚለይ። ምጣድ ሠሪ የሆነ ጎረቤት ይህን አንብቦ የራሱን ምጣድ ገልብጦ ቢያይ፣ ወሰኑ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይችላል። በእርግጥም የግልጽነት ፈተና በተግባር ይኸው ነው፦ ተወዳዳሪ ባለሙያ ጽሑፉን ይዞ የራሱን ዕቃ ሲመለከት “ይህ ውስጥ ነው” ወይም “ይህ ውጭ ነው” ማለት ይችላል ወይስ አይችልም?

ስለ ቁጥሮች ግን ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። አመልካቾች ግልጽነት ሲጠየቁ ወዲያውኑ ሁሉንም ነገር በቁጥር ማሰር ይቀናቸዋል። ቁጥር ወሰኑን ያጠራል፤ ወሰኑን ያጠብባልም። ባለሙያዋ 15 ሚሊ ሜትር የሚለውን በመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ ብታስገባው፣ 12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው ምጣድ የሚሠራ ተወዳዳሪ ከጽሑፉ ቃል ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ሰፊውን ጥያቄ በቅድሚያ፣ ጠባቦቹን በተከታታይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ሰፊው ጥያቄ አዲስ ባለመሆኑ ቢወድቅ ጠባቡ ሊቆም ይችላል። ቁጥሩም ዝም ብሎ የተመረጠ መሆን የለበትም። ከ15 በታች ሲሆን መያዣው እንደሚግል፣ ከ25 በላይ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚጎድል መግለጫው በሙከራ ውጤት ካላሳየ ቁጥሩ ያልተደገፈ ይሆናል።

“ያካተተ” የሚለው ቃልም ክብደት አለው። የተዘረዘሩትን አካላት ያካተተ ሲባል ሌላ ተጨማሪ አካል ያለው ምጣድም ይገባበታል። “ከእነዚህ ብቻ የተሠራ” ሲባል ግን ተወዳዳሪው አንድ ተጨማሪ ብሎን በማስገባት ሊያመልጥ ይችላል። ብዙ ሰዎች “ብቻ” የሚለውን ቃል ለማጠንከር ይጠቀሙበታል፤ በይገባኛል ጥያቄ ውስጥ የሚያደርገው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

የአማርኛ አጻጻፍ የራሱ ወጥመዶች

ስለ ፓተንት አጻጻፍ የሚወጡ መመሪያዎች ብዙዎቹ በውጭ ቋንቋዎች የተዘጋጁ በመሆናቸው የአማርኛን ጠባይ አይነኩም። ይህ ክፍል በዚህ ምክንያት ትንሽ ሰፋ ብሎ ቀርቧል።

ፊደላችን የሚጠብቅንና የሚላላን ድምፅ አይለይም። “የከረጢቱ አፍ በ3 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል” የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት። ሲላላ ሲነበብ አፉ ስፋት ይጨምራል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ሲነበብ ደግሞ በክር ይሰፋል ማለት ነው። ሁለቱም ንባቦች ለከረጢት ሠሪ ትርጉም ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የሙያ ዕውቀቱ አያድነውም። “መሣሪያው ይበራል” የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ስለ መብራት ከሆነ አያሻማም፣ ስለ ድሮን ከሆነ ግን መሣሪያው መብራቱን ነው ወይስ መብረሩን የሚያመለክተው? እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥም መተካት እንጂ ማብራራት አያስፈልግም፦ “ስፋቱ ይጨምራል”፣ “በክር ይያያዛል”፣ “የኤሌክትሪክ ኃይል ያገኛል”፣ “በአየር ላይ ይንቀሳቀሳል”።

ቅጽል ከስም በፊት ስለሚመጣ የት ላይ እንደሚያበቃ አንዳንድ ጊዜ አይታወቅም። “ከብረት የተሠራ መያዣና ክዳን” ሲባል ክዳኑም ብረት ነው? ጸሐፊው መያዣውን ብቻ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ተከሳሹ ደግሞ ክዳኔ አሉሚኒየም ስለሆነ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። “ክዳንና ከብረት የተሠራ መያዣ” ብሎ ቅደም ተከተሉን መቀየር፣ ወይም “እያንዳንዳቸው ከብረት የተሠሩ” ማለት ጥርጣሬውን ያስወግዳል። ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ተደብቆ የሚቀርበት ጊዜም አለ፦ “ክዳኑ መያዣውን ሲነካ ይቆለፋል።” የሚቆለፈው ክዳኑ ነው ወይስ መያዣው? በተራ ንግግር ማንም አይጨነቅበትም፤ በችሎት ግን ሁለት ጠበቆች አንድ ቀን ሊያሳልፉበት ይችላሉ።

ሌላው ከጥሩ ትምህርት የሚመጣ ችግር ነው። በትምህርት ቤት አንድን ቃል ደጋግሞ መጠቀም እንደ ድክመት ይቆጠር ስለነበር፣ ጥሩ ጸሐፊ አንድን አካል መጀመሪያ “ክዳን”፣ ቀጥሎ “አክንባሎ”፣ በመጨረሻም “ሽፋን” ይለዋል። የይገባኛል ጥያቄ አንባቢ ግን ሦስት ስም ሲያይ ሦስት አካል ይፈልጋል። አንድ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ስም ብቻ ይኑረው፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ቁጥርም ከስሙ ጋር ይሂድ። ጽሑፉ ደረቅ ይሆናል። ይሁን።

“ገደማ”፣ “ያህል”፣ “በግምት” የሚሉት ቃላት በሙሉ የተከለከሉ አይደሉም። በሙያው የተለመደ የልክ መዛነፍ ካለ፣ ባለሙያው “2 ሚሊ ሜትር ገደማ” ሲባል ምን ያህል መብለጥና ማነስ እንደሚፈቀድ ያውቃል። ችግር የሚፈጠረው አዲስነቱ ራሱ በዚያ ቁጥር ላይ ሲመሠረት ነው። ቀድሞ የነበረው ምጣድ 14 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለውና አመልካቹ “15 ሚሊ ሜትር ገደማ” ካለ፣ ልዩነቱ በገዛ እጁ ጠፋ።

“የተራራቀ” የሚለው ቃል ያስነሣው ክርክር

የንጽጽርና የደረጃ ቃላት ምን ያህል እንደሚያከራክሩ ለማሳየት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታየ አንድ ጉዳይ ይጠቀሳል። ባዮሲግ የተባለ ኩባንያ በስፖርት መሥሪያ ማሽን እጀታ ላይ የሚገጠም የልብ ምት መለኪያ ፓተንት ነበረው። በይገባኛል ጥያቄው ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮዶች እርስ በርሳቸው “በተራራቀ ሁኔታ” እንደሚቀመጡ ተጽፏል፤ ርቀቱ ግን አልተነገረም። ተከሳሹ ኖቲለስ ይህ ወሰን አይደለም ሲል ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ ወር 2014 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ የይገባኛል ጥያቄው ከመግለጫውና ከምርመራ መዝገቡ ጋር ሲነበብ በሙያው ላለ ሰው የፈጠራውን ወሰን “በተገቢ እርግጠኝነት” ማሳወቅ እንዳለበት ወሰነ። ከዚያ በፊት የበታች ፍርድ ቤቶች ይጠቀሙበት የነበረው መለኪያ ለዘብ ያለ ነበር፤ ትርጉም ሊሰጠው የማይችል እስካልሆነ ድረስ ጥያቄው ይቆም ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጉዳዩ ወደ በታች ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተመልሶ በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲሱ መለኪያ ሲታይ ፓተንቱ ከውድቀት ዳነ። ምክንያቱም በሙያው ያለ ሰው ርቀቱ ከእጅ መዳፍ ስፋት ሊበልጥ እንደማይችል፣ እጅግ ጠቦም ሁለቱ ኤሌክትሮዶች እንደ አንድ እስኪሆኑ ሊቀራረቡ እንደማይችል ከመግለጫው መረዳት ይችላል ተባለ። ውሳኔው የሀገራችንን ባለሥልጣን ወይም ፍርድ ቤት አያስገድድም። የሚያሳየው ግን ቁጥር የሌለው ቃል በመግለጫው ድጋፍ ሊቆም እንደሚችል፣ ይህ እስኪረጋገጥም ባለመብቱ ዓመታትን በክርክር ሊያሳልፍ እንደሚችል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ማመልከቻ ውስጥ ቢጨመር ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል።

የጤፍ ፓተንት፦ ግልጽ የሆነ ቃል፣ ከልክ ያለፈ ወሰን

ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የቀረበው ጉዳይ የጤፍ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የብዝሀ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍን ዝርያዎች ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መጋራት ስምምነት ተፈራረሙ። በሌላ በኩል በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የቀረበ የፓተንት ማመልከቻ በአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ሲታይ ቆይቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ።

የዋናው ይገባኛል ጥያቄ ፍሬ ነገር አጭር ነበር። ጤፍ የሚመደብበት ኢራግሮስቲስ ከተባለው የዕፅዋት ወገን የሆነ እህል ዱቄት ሆኖ፣ እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ “የመውደቅ ቁጥሩ” ቢያንስ 250 የሆነ ሁሉ በጥያቄው ይሸፈናል። የመውደቅ ቁጥር ምንድን ነው? ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ቱቦ ይደረግና መማሰያ ዘንግ በውስጡ ወርዶ እስኪያልፍ የሚፈጀው ጊዜ በሰከንድ ይለካል። እህሉ በቅሎ ወይም ርሶ ከሆነ በውስጡ ያለው ኤንዛይም ስታርቹን ስለሚያቀጥነው ዘንጉ ቶሎ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ደርቆ በደኅና የተቀመጠ እህል ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል።

እንግዲህ ይህ ጥያቄ ግልጽ ነበር ወይስ አልነበረም? እንጀራ ለምትጋግር እናት 250 የሚለው ቁጥር ምንም አይነግራትም። ለእህል ላቦራቶሪ ባለሙያ ግን የታወቀ መለኪያ ነው፤ በዱቄት ንግድ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ነው፤ ውስጥና ውጭን መለየት ይችላል። ስለሆነም ግልጽነት በባለሙያ አንባቢ ዓይን የሚታይ ከሆነ፣ የቃሉ ችግር ይህ አልነበረም። ችግሩ በግልጽ የተሰመረው መስመር የከበበው መሬት ነበር፦ በሚገባ የደረቀና በደኅና የተቀመጠ ተራ ጤፍ ተፈጭቶ የሚገኘው ዱቄትም በዚያ ወሰን ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዕፅዋት ዝርያ በራሱ ፓተንት ባይሰጠውም፣ ዱቄቱን በመለኪያ በመግለጽ ወደ ተመሳሳይ ውጤት የሚያደርስ መንገድ ተገኝቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ፓተንቱ ከጊዜ በኋላ ኤንሸንትግሬይን በተባለ ኩባንያ እጅ ገባ። ይህ ኩባንያ ሌላ የኔዘርላንድስ ኩባንያን በመብት ጥሰት ከሰሰ፤ ተከሳሹም ፓተንቱ ራሱ ሊጸና አይገባም ሲል መለሰ። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2018) ፈጠራው ፈጠራዊ ብቃት የለውም በማለት ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው። ውሳኔው የተመሠረተው በግልጽነት ላይ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። በአውሮፓ ሥርዓት የግልጽነት ጉድለት ፓተንት ከተሰጠ በኋላ ለመሠረዣ ምክንያት አይሆንም፤ መመርመር ያለበት ከመፍቀዱ በፊት ነው። ከ2007 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ጤፍን ወደ አውሮፓ መላክ ያሰቡ ኢትዮጵያውያን ላኪዎች ይህን ፓተንት ከግምት ሳያስገቡ መንቀሳቀስ አይችሉም ነበር።

በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እምነት ከጤፍ ጉዳይ ለአመልካችም ለተወዳዳሪም የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው። የቃላት ግልጽነት መብት የሚገባውን ካልሚገባው አይለይም። ነገር ግን ቃሉ ግልጽ በመሆኑ ነው ፍርድ ቤት “ይህ ወሰን ቀድሞ ይታወቅ የነበረውን ወይም ለባለሙያ ግልጥ የሆነውን ይሸፍናል” ብሎ መመዘን የቻለው። ቃሉ ደብዛዛ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ሲከስ ሰፊ ትርጉም፣ ሲከሰስ ጠባብ ትርጉም እየሰጠ ሊከራከር ይችል ነበር።

ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት

የይገባኛል ጥያቄውን ረቂቅ በዚያው ሙያ ላለ፣ ሆኖም ፈጠራውን አይቶት ለማያውቅ ሰው ያስነብቡት። ዕቃውን ሳያሳዩት ከጽሑፉ ብቻ ሥዕል እንዲሠራ ይጠይቁት። ሥዕሉ ከእርስዎ ዕቃ የተለየበት ቦታ ጽሑፉ የደበዘዘበት ቦታ ነው። ይህን ሲያደርጉ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፈጠራው ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ ከተገለጠ አዲስነቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ የሚያነበው ሰው ምስጢር ለመጠበቅ በጽሑፍ የተስማማ ይሁን። በኤግዚቢሽን ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ማሳየት ከማመልከቻው በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ የይገባኛል ጥያቄውን ማሻሻል ይቻላል፤ ማሻሻያው ግን በመጀመሪያው ማመልከቻ ውስጥ ከተገለጸው ማለፍ የለበትም። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የአሉሚኒየም ፎይሉ በመግለጫው ውስጥ ካልተጠቀሰ በኋላ ሊጨመር አይችልም። ስለዚህ መግለጫው ሰፊ፣ ሙከራዎችና አማራጮች በብዛት የሰፈሩበት ይሁን፤ የይገባኛል ጥያቄው ደግሞ ቁጥብ ይሁን። መርማሪው “ግልጽ አይደለም” ብሎ ሲጽፍልዎ እንደ ውድቅ ማድረጊያ አይውሰዱት፤ በአብዛኛው የትኛው ቃል እንዳሻማው ይነግርዎታል። መልስዎም በመዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ “ይህ ቃል እንዲህ ማለት ነው” ብለው ያስረዱት ነገር ወደፊት በክርክር ጊዜ ሊጠቀስብዎ ይችላል።

ሁሉም ማሻሻያ ለፓተንት የሚበቃ አይደለም። ፓተንት አዲስነትን፣ ፈጠራዊ ብቃትንና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ መሆንን ይጠይቃል፤ ዘመኑ 15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው በኢትዮጵያ በአግባቡ ጥቅም ላይ እየዋለ መሆኑ ሲረጋገጥ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፊኬት ግን ፈጠራዊ ብቃትን አይጠይቅም፤ አዲስነቱም የሚታየው በሀገር ውስጥ ነው፤ ለ5 ዓመት ተሰጥቶ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። በጀሞ ሼዶች ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ጠቃሚ ማሻሻያዎች ከፓተንት ይልቅ ወደዚህኛው የሚቀርቡ ናቸው። የአጻጻፍ ጥንቃቄው ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ የአነስተኛ ፈጠራ ይገባኛል ጥያቄም በተመሳሳይ ባለሙያ አንባቢ ዓይን ይነበባል።

የማመልከቻ ቅጾች፣ የክፍያ ተመንና የምክር አገልግሎት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይገኛሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክቱ ተገልጋዮች ወደ ባለሥልጣኑ ሲሄዱ የፈጠራውን ሥዕል በቁጥር ከተለዩ አካላት ጋር፣ የሙከራ ውጤቶችን ከነቀናቸው፣ እንዲሁም የይገባኛል ጥያቄውን የመጀመሪያ ረቂቅ ይዘው ቢቀርቡ የሚሰጠው ምክር በተጨባጭ ቃላት ላይ ያተኮረ ይሆናል።